ዘንዶው ላይ የተነሣሁት ፎቶ

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጽፌ የማውቀው ስሜንና የልብስ ቁጥር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው፤ እሷ አንደኛ ክፍልን ጨርሳ ስታልፍ እኔ እዚያው ቀረሁ። አሁንም ቢሆን ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለምን ሦስት ሆነው እንደሚኖሩ አልገባኝም። አንድ ድምፅ ይዞ ሦስት ወንበር መያዝ ምን ይባላል? ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እንዳላያችሁ ሆናችሁ እለፉት። የተማረ ሰው ሞልቶ ሳለ እኔ ብዕር ማንሣቴ ራሱ ያሳፍረኛል። ግን ነገሩ የደረሰው በእኔ ላይ ነው፤ ሰው ባወራው ቁጥር እየጨመረበት ነው፤ በተለይ የልጄ አባት። በእሱ አፍ እየሰፋ ከሚሄድ በእኔ እጅ ጠቦ ይቀመጥ ብዬ ነው።

እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። የምሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ተኩስ ክፍል» የሚል ተጽፏል። መስኮት የለውም፤ ያለው እንፋሎት፣ ረጅም ጠረጴዛ እና የማያልቅ የሸሚዝ ክምር ነው። እንግዶቹን በመልክ አላውቃቸውም፤ በአንገትጌያቸው ነው የማውቃቸው። በእኛ ክፍል ልብስ የሚጠራው በባለቤቱ ነው። «ዶክተሩን አንጠልጥይው» እንባባላለን፤ «ፓይለቱ ገና እርጥብ ነው»፤ «ሙሽራውን እንዳታሳርሪው፣ አደራ»። በር ላይ ቆሞ የሚሰማን ሰው ምን እንደሚያስብ እንጃ። ሥራው ይስማማኛል። እዚያ የሚያየኝ የለም። የሚያናግረኝም ካውያው ብቻ ነው፤ እሱም ሽሽ ከማለት ሌላ ነገር አያውቅም።

ዓይን አፋር ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ፌርማታዬ ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬ ወርጄ፣ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የጥርሴ ነገር አለ። ልጅ ሆኜ የባልዲ እጀታ መትቶኝ ከፊት ጥርሶቼ አንዱ ወጣ፤ ሌላም አልበቀለበት። ከዚያ ወዲህ ሳቄ ሲመጣ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ይሄዳል። የልጄ አባት ጥርሴን ያየው ከሠርጋችን በኋላ ነው። «ባውቅ ኖሮ በቅናሽ አገባሽ ነበር» ይለኛል እስከ ዛሬ።

እሱ ደግሞ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው። ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ቁም ሣጥን፣ ደረጃ ላይ የማይወጣ የተባለውን ሁሉ ያወጣል። ታዲያ ሲያነሣም «ወገቤን»፣ ሲያስቀምጥም «ወገቤን»፣ ቤት መጥቶ ሲቀመጥም «ወገቤን» ስለሚል፣ ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ወገቤ» ነው የሚለው። «ወገቤ አለ?» ብለው በር ያንኳኳሉ። «ተኝቷል» እላቸዋለሁ። ማን እንደተኛ ለይተን አናውቅም፣ ሰውየው ይሁን ወገቡ።

ልጃችን አንድ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ምላሷን ከአባቷ ወርሳለች፤ ከእኔ የወረሰችው ገና አልታወቀም። አንድ ቀን አስተማሪዋ «እናታችሁን ግለጹ» ብላቸው ነው አሉ። አንዱ እናቴ ረጅም ናት አለ፤ አንዷ እናቴ ቆንጆ ናት አለች። የእኔዋ ተነሥታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እናቴ ስትስቅ የማየው እጇን ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ቀልድ አልተናገረችም። ቤት መጥታ ስትነግረኝ እኔም ልስቅ ነው ያልኩት፤ እጄ ሄደ። «ይኸው!» አለችኝ በጣቷ እያሳየች። «ይኸው፣ ይኸው! እማዬ፣ ከዚያ ኋላ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ጥርስ የለም። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችኝ፤ ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በዚያው ሰሞን የልጄ አባት ከከተማው ዳር ለተከፈተው ትልቅ የመዝናኛ ቦታ ወንበርና ጠረጴዛ ሲያወርድ ሰነበተ። ወገቡን ሲይዝ ያየው ኃላፊ አዝኖለት መሰለኝ ሦስት የመግቢያ ትኬት ሰጠው። «የቤተሰብ ደስታ ቀን» ይላል፣ ወርቅማ ቀለም አለው። ልጄ ትኬቱን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የተኛችው። እኔ ደግሞ አልወደድኩትም። ምክንያቴን ብጠየቅ ግን ቶሎ መልስ የለኝም። ብዙ ሰው አለ፤ ይኼ አንድ ነው። ሌላው፣ ደስታ ሰዓትና ትኬት ሲኖረው ደስ አይለኝም። እኛ ልጆች ሳለን ዛፍ ላይ ገመድ አስረን ነበር የምንወዛወዘው፤ ማንም አላስከፈለንም። እርግጥ ነው ገመዱ ተበጥሶ የወደቅንም አለን፤ ወድቀን ቤት ስንገባ «ማን ውጡ አላችሁ» ተብለን የተገረፍንም አለን። እዚህ ቀበቶ ያስሩለታል ለልጁ። ምን ልበል፣ ሁለቱንም አየኋቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

በሩ ላይ መጀመሪያ የወሰዱብን ውኃችንን ነው።

«ውኃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለ ዘበኛው።

«ልጅ ይዘናል እኮ» አለ የልጄ አባት።

«ውስጥ ይሸጣል።»

«ይኸው ውኃ ይሸጣል?»

«ይኸው አይደለም። የኛው።»

«የናንተው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ጋሼ፣ ከኋላ ሰው አለ።»

ገባን። እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት፤ በእጄ ሸፍኜ ማለት ነው። መሬቱ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ በቀን ይበራል፣ ሙዚቃው ከዛፍ ውስጥ ይመጣል። ድምፅ ማጉያው በየጊዜው «ደስ ብሏችኋል?» ይላል፤ ሕዝቡ «አዎ!» ይላል። የልጄ አባት «ኧረ ገና አሁን መግባታችን ነው!» ብሎ መለሰለት። አንድ ትልቅ ጥንቸል፣ ሰው ከውስጡ ያለበት፣ መጥቶ ልጄን አቀፈና እጁን ዘረጋ። ሰላምታ መስሎኝ ጨበጥኩት። ጥንቸሉ ግን አለቀቀኝም፤ ለካ ለማቀፉ ሒሳብ እየጠየቀ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ጥንቸሉ የለበሰው ሰደርያ ነው። ጀርባው ተጨማዷል፤ የሚተኩስለት ሰው የለውም። ልነግረው ፈልጌ አፈርኩ።

እንዲህ እያልን ስንሄድ አንድ ዳስ ጋ ደረስን። ከኋላ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ ከላይ አሻንጉሊት ድቦች ተሰቅለዋል፤ ፊት ለፊት የቡሽ ጠመንጃዎች አሉ። ልጄ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ተ-ኩ-ስ! እማዬ! ያንቺ ሥራ ነው!»

የዳሱ ባለቤት ጢማም ሰው ነው፤ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ምን አለች ሕፃኗ?»

«እናቴ ተኳሽ ናት» አለችው አገጯን ቀና አድርጋ።

ሰውየው አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። የልጄ አባት እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን ስለ ሚስቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

«ሥራዋ ነው» አለ። «ከጠዋት እስከ ማታ ስትተኩስ ነው የምትውለው።»

«የት?»

«ሆቴል ውስጥ።»

«ሆቴል ውስጥ?» ሻዩን አስቀመጠው።

«ምድር ቤት ነው፤ ድምፅ አይሰማም። እንግዶቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ ሁሉንም ትጨርሳለች።»

«ሁሉንም?»

«ሴት ወንድ አትልም። ባለፈው ሙሽራው ሳይቀር በሷ እጅ ነው ያለፈው።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስታ አታውቅም?»

«አንዴ ብቻ። አንድ ዶክተር አቃጠለች፤ ከደመወዟ ተቆረጠ።»

«ከደመወዟ ብቻ?»

«ይቅርታ ጠይቃለች።»

የልጄ አባት ይኼን ሁሉ የተናገረው በፍጹም የዋህነት ነው። እኛ ቤት ዶክተር ማለት ሸሚዝ ነው። እኔ የሰውየው ፊት ሲለዋወጥ አይቼ ገብቶኛል፤ ግን ለማስረዳት አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከኋላችን ደግሞ ሰው መቆም ጀምሯል። የልብሱን ጫፍ ጎተትኩት። «ተይኝ እንጂ፣ እውነት እኮ ነው» አለኝ።

«እትዬ» አለኝ ጢማሙ፣ በጣም በአክብሮት። «እኔ የሰው ሥራ ውስጥ አልገባም። ግን ይኼ ጨዋታ ለባለሙያ አይፈቀድም።»

«ትተኩስ!» አለ ከኋላ አንዱ። «ትተኩስ፣ ትተኩስ!» አሉ ሌሎቹ። ልጄ ጠመንጃውን አንሥታ ሰጠችኝ። የዚያን ያህል ዓይን በሕይወቴ በርቶብኝ አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጫን አልኩት።

ጧ አለ። ስገልጥ ጣሳዎቹ እንዳሉ ናቸው። ቡሹ የጢማሙ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይንሳፈፋል።

ሕዝቡ አጨበጨበ። የልጄ አባት ወደ ጢማሙ ዞረ። «አየህ? ጣሳ ለሷ ምኗ ነው! ባለሙያ እንዲህ ነው፤ የት እንደሚመታ ያውቃል።» ጢማሙ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። «ሻይ ሽልማት የለውም» አለ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ድቡን አላገኘንም። ልጄ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ላይ አሳየችኝ። ከሁሉም በላይ የሚታየውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰው ጭኖ እየተጠማዘዘ የሚበረውን። «ዘንዶው» ነው ስሙ።

«ድቡ ይቅር» አለች። «አንቺ ከእኔ ጋር እዚያ ውጪ።»

ያ ነበር የፈራሁት። መግቢያው ላይ የቀጭኔ ሥዕል አለ፤ ቁመቱ ከቀጭኔው አንገት በታች የሆነ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አይሳፈርም። ልጄ የቀጭኔው ደረት ላይ ናት። አባቷን አየሁት። እሱ ከቀጭኔው አጠገብ ያለውን ማስታወቂያ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ፊቱ እየበራ ሄደ።

«ስሚ፣ ስሚ! "የልብ፣ የአንገት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው መሳፈር አይችልም።" ወገብ ብለው ጽፈውታል! ይኼን ያህል ዓመት ስናገር ማን ሰማኝ? ይኸው፣ በሰሌዳ!»

«አንተ ብትወጣ ምን አለበት፣ እኔ እኮ…»

«ሕግ ነው» አለኝ በኩራት፤ ሄዶም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወገቡን ይዞ።

ልጄ ታየኛለች። እኔም አሰብኩ። ባልወጣ፣ «እናቴ ስትስቅ የማየው እጇን ነው» ባለችው ላይ «እናቴ ልትጫወት ስትሄድ የማየው ጀርባዋን ነው» ትጨምርበታለች። ብወጣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ወጣሁ።

ብረት መጥቶ ጭናችን ላይ ተቆለፈ። የማሽኑ ሠራተኛ እየዞረ ያያል። እኔ ገና ሳንነሣ እጄ አፌ ላይ ነው።

«እናት፣ ሁለቱም እጅ ብረቱ ላይ።»

አንዱን አስቀመጥኩ።

«ሁለቱም።»

«ይኼኛው እዚህ ቢሆን ምን አለበት?» አልኩት በእጄ ውስጥ።

«እጅዎ ብረቱ ላይ ካልሆነ ዘንዶው አይነሣም። ሰው ሁሉ እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

ሰው ሁሉ እኔን መጠበቁ ከሁሉ ይብሳል። እጄን አወረድኩ፤ አፌ ራቁቱን ቀረ። ዘንዶው እየተንቋቋ ወጣ፣ ወጣ፤ ከተማው ከሥራችን ሆነ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቆም አለ። ይኼ ነገር አዋቂ ነው፤ ሰው እንዲያስብ ጊዜ ይሰጣል። እኔም አሰብኩ። እና ጮህኩ፦

«ካውያውን አልነቀልኩትም!»

ወደቅን።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። «አቁሙልኝ! ካውያው ተሰክቷል! ሆቴሉ ተቃጠለ!» እያልኩ ነው አሉ የዞርኩት። ከፊት ያሉት ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ሊያዩኝ ይሞክራሉ። ልጄ «ዛሬ እኮ ሥራ አልገባሽም እማዬ!» ትላለች። እውነቷን ነው! ዕረፍቴ ነው! ይኼ ሲገባኝ፣ ተዘቅዝቀን ነበር መሰለኝ፣ ሳቄ መጣ። እንዴት ያለ ሳቅ! ልመልሰው ብል እጄ ብረቱ ላይ ነው። እንዳለ ወጣ፤ ከድሮ ጀምሮ የቀረው ሁሉ አብሮ ወጣ። አንድ መብራት ብልጭ አለ። መብረቅ መስሎኝ ነበር።

ስንወርድ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው የሚጠይቁኝ። «እትዬ፣ ካውያውስ?» ይሉኛል። እጄ ወደ ቦታው ተመልሷል። ተጠማዝዞ የሚያስወጣውን መንገድ ይዘን ስንሄድ አንድ ሱቅ ውስጥ ገባን፤ ሌላ መውጫ የለውም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ስክሪኖች አሉ። ከመካከላቸው ትልቁ ላይ አንዲት ሴትዮ አለች።

አፏ እንደ በር ተከፍቷል። ጥርሷ የጎደለበት ቦታ የመስኮት ያህል ነው። ጉሮሮዋ ይታያል። ፀጉሯ ቆሟል። «ምን ዓይነት ሴት ናት» ልል ስል ቀሚሷ የኔ ነው።

«እማዬ ናት!» አለች ልጄ። ሱቁ በሙሉ ዞረ። «እማዬ፣ ተመልከቺ፣ ሳቅሽ! ጥርስሽ!»

የልጄ አባት ከየት መጣ ሳልል ደረሰ። ስክሪኑን ሲያይ ወገቡን እንኳ ረሳው። ሻጩ ቀጠን ያለ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«ልግዛልሽ?» አለኝ የልጄ አባት። ከዚያ ዋጋውን ሲሰማ «ወገቤን!» አለ።

«ወረቀቱ ጥራት ያለው ነው» አለ ሻጩ።

«ለወረቀቱ አይደለም። የገዛ ሚስቴን ፊት በገንዘብ ልግዛ? ቤቴ ሞልቶ!»

«ፊቷን አይደለም፣ ፎቶዋን ነው የምንሸጠው።»

«ለማን?»

«ለባለቤቱ ብቻ።»

«ባለቤቷ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«የፎቶው ባለቤት ማለቴ ነው።»

«እኮ! ባለቤቷ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ማን ፈቅዶልህ ነው ያነሣሃት?»

ሰው ይስቃል፤ እኔ ልሞት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችውም ትስቃለች፤ እሷ ምን ቸገራት። ሻጩ ጋ ጠጋ ብዬ በጆሮው «ወንድሜ፣ እባክህ አጥፋልኝ» አልኩት።

«ካልተገዛ ነገ ጠዋት ይጠፋል። እስከዚያ ይታያል፤ አሠራራችን ነው።»

«እንግዛት» አለች ልጄ። ቀሚሴን ይዛለች። «እማዬ፣ እኔ ድብ አልፈልግም፣ አይስክሬም አልፈልግም፣ ይቺን እንግዛት። ለአስተማሪዬ አሳያታለሁ።»

ለአስተማሪዋ! ክፍሉ በሙሉ ጥርሴን ሲያይ ታየኝ። «አይሆንም» አልኩ። «ይጥፋ። አልፈልገውም።» ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት፤ መቆጣት አላውቅበትም፣ ስለዚህ በዛብኝ።

ልጄ ቀሚሴን ለቀቀችው። «ተወው አባዬ» አለች። «አትፈልጋትም።»

ጥንቸሉ በር ላይ እጁን ሲያወዛውዝላት እንኳ አላየችውም። በአውቶቡሱም ከእኛ ርቃ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። የልጄ አባት አላስችል ብሎት የጢማሙን፣ የቡሹን፣ የሻዩን ነገር ለተሳፋሪው ሁሉ ያወራል፤ ሻዩ አሁን ገና አውቶቡስ ላይ ሳለን ሁለት ብርጭቆ ሆኗል። መኻል ላይ ልጄ አቋረጠችው።

«አባዬ፣ ነገ ያጠፏታል አይደል?»

«ማንን?»

«እማዬን።»

«እማዬማ እቺው እዚህ አለች እኮ፣ ምን ሆነሻል?»

«ይቺ አይደለችም» አለች። «ያቺኛዋን።»

የልጄ አባት ዞሮ አየኝ። የኛ ፌርማታ ሲደርስም «ወራጅ አለ» ያለችው ልጄ ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ለሥራ እንደወጣሁ ሆኜ ወጣሁ። ለማንም አልነገርኩም። የሆቴሉን አውቶቡስ አሳልፌ፣ ወደዚያኛው የሚሄደውን ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ የሚያበራው ቦታ በጠዋት ሲያዩት ሌላ ነው፤ ሙዚቃው የለም፣ አንድ ሰውዬ ቅጠል ይጠርጋል፣ ዘንዶው ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ጥንቸሉ አጥር ሥር ጭንቅላቱን አውልቆ ዳቦ እየበላ ነው። ለካ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። «ደኅና አደርሽ» ተባባልን።

ሻጩ ሱቁን እየከፈተ ነበር። መቼም መጥፎ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ።

«ትናንት የተነሣሁት ፎቶ ነበር» አልኩት።

«የቱ ነው?» ብሎ ማሽኑን ከፈተ። ሰዎች አፋቸውን ከፍተው አንድ በአንድ ያልፋሉ። ሁሉም ይጮኻል። ሻጩ ወደ እኔ ያያል፣ ወደ ስክሪኑ ያያል፤ አላወቀኝም።

«ይቅርታ እትዬ፣ እጅዎን ከአፍዎ ላይ ቢያነሡልኝ?»

አነሣሁት። ከንፈሬ ግን ተዘግቷል።

«እንዲህም አልለየሁዎትም። ትንሽ ይክፈቱት።»

«ምኑን?»

«አፍዎን ነዋ።»

ከፈትኩ፤ ጥርስ ሐኪም ጋ እንደሄደ ሰው።

«ኧረ ትንሽ ይጨምሩ። እዚህ ያሉት በሙሉ ከዚህ በላይ ነው የከፈቱት።»

«ልጩህ እንዴ ታዲያ በጠዋት?»

«ቢጮኹ ይሻላል» አለኝ ከልቡ። ይኼ ነገር አሣቀኝ። ከራሴ ጋር አልተማከርኩም፤ እንደ ትናንቱ እንዳለ ወጣ። ሻጩ ጠረጴዛውን መታ። «አወቅኩዎ! የካውያዋ!»

ስክሪኑ ላይ አመጣት። ትናንት ጥርሴን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም ነበር። አሁን አየሁ። ከፊት ያሉትም ከኋላ ያሉትም፣ ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ነው የሚያዩት፤ ልጄ ብቻ ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች። ዘንዶውንም፣ ከተማውንም፣ የምንወድቅበትንም አታይም። የምታየው አፌን ነው። የድብም፣ የአይስክሬምም ዓይን አይደለም ያ። እንዲያ ሆና ስታየኝ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ እጄ ነበር በመካከላችን።

«በኩባያ ላይም እንሠራዋለን» አለኝ ሻጩ። «በቲሸርትም አለ።»

እነዚህን ሰዎች ሳስባቸው ይገርሙኛል። ውኃችንን ወሰዱ፣ ውኃ ሸጡልን፤ ፊቴን ወሰዱ፣ ፊቴን ሸጡልኝ። ደግሞም ባይወስዱት ኖሮ አላየውም ነበር። እየተናደድኩ ነው የከፈልኩት፤ እየከፈልኩ ነው ደስ ያለኝ። ኩባያውን ግን እምቢ አልኩ፤ ማንም በእኔ ጉሮሮ ላይ ሻይ አይጠጣም።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ። እንፋሎቱ ሞልቷል፣ ካውያዎቹ ሞቀዋል፣ ክምሩ ደረቴ ደርሷል። የክፍላችን ኃላፊ ወገቧን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«የት ነበርሽ አንቺ? ፓይለቱ እኮ ሊነሣ ነው፣ ራቁቱን ይብረር?»

ፎቶውን ከሽርጤ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አጠለቀች። እሷ እስክታየው እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ፓይለቱን መተኮስ ጀመርኩ።

«ሕፃኗንስ ዐወቅኋት፣ ልጅሽ ናት» አለች። «ይቺ ጎኗ ያለችው ሴትዮ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ሁለቱም እጆቼ ካውያው ላይ ነበሩ።